ይደፈን የተባለው በር

ዙለይኻ በየቀኑ የመግሪብ አዛን ስትሰማ የጓሮ በሯን ትዘጋለች። መወርወሪያውን አስገብታ በአጥሩ በኩል ጎረቤቷን ትጠራለች።

«ደስታነሽ፣ አየሽ?»

«አየሁ።»

«ምን አየሽ?»

«በር ስትዘጊ። ትናንትም አይቻለሁ። ልማልልሽ እንዴ?»

«ካስፈለገ ትምያለሽ።»

ጊዜው 1975 ዓ.ም. ነው። ዙለይኻ አሰበ ተፈሪ ውስጥ፣ ከገበያው በላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ከእናቷ ከኩብራ ጋር ትኖራለች። ኩብራ ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀሱም፤ ጎናቸው እንዳይቆስል በቀን አራት ጊዜ የምታገላብጣቸው እሷ ናት። የጓሮው በር የሚያወጣው ወደ ነጋዴው ሱሌይማን ግቢ ሲሆን፣ ዙለይኻ በዚያ አቋርጣ ውሃ ልትቀዳ ቦኖ ትወርዳለች። ሱሌይማን ከሰሳት። ፍርድ ቤቱም በሩ በአሥር ቀን ውስጥ እንዲደፈን አዘዘ።

ችሎቱ የሚሠራው በአማርኛ ነው። እሷ የምታውቀው የገበያውን አማርኛ ስለሆነ አብዶ የሚባል አስተርጓሚ ቆሞላት ነበር። ዳኛው «ይደፈን» ሲሉ አብዶ በኦሮምኛ «ጩፊ» አላት፤ ዝጊው ማለት ነው።

«ቀን ነው ማታ?» ብላ ጠየቀችው።

«በር መቼ ነው የሚዘጋው?» አላትና ወደሚቀጥለው ባለጉዳይ ዞረ።

የትእዛዙን ግልባጭ አጥፋ ከልብስ ሣጥኗ ሥር ከተተችው። ማንበብ አትችልም። ደስታነሽ ላንብብልሽ ብትላትም «የተጻፈውን አውቀዋለሁ» አለቻት። ወረቀት የሚያነብላት ሰው ሁሉ ከራሱ የሚጨምርበት ይመስላታል።

በአሥራ አራተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ፖሊስ መጣ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጽፎ ሄደ። በዚያው ሰሞን አብዶን ሱሌይማን ቤት ጫት ይዞ በርጫ ተቀምጦ አየችው። ከዚያ ወዲህ «ጩፊ» የሚለውን ቃል በሌላ ጆሮ ትሰማው ጀመር። ሳምንት ሳይሞላ ችሎት በመድፈር ተከሳ ቀረበች።

«ትእዛዙን ለምን አልፈጸምሽም?» አሉ ዳኛው።

ዙለይኻ በኦሮምኛ ረዘም አድርጋ መለሰች። በየምሽቱ ዘግታለች፤ ምስክር አላት፤ ዝጊ ያላትም ይኸው እዚህ የቆመው፣ ከከሳሿ ጋር አብሮ የሚቅመው ሰው ነው።

አብዶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ ይደረግልኝ ትላለች።»

«አላልኩም» አለች ዙለይኻ በአማርኛ። «ይዋሻል። ስለ እሱ ነው የተናገርኩት።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«አማርኛ ትሰሚያለሽ እንዴ?»

«ትንሽ።»

«‹ይቅርታ› የሚለውን ሰምተሻል።»

«እሱን ማን የማይሰማ አለ፣ ጌታዬ?»

«‹ይደፈን› የሚለውንስ?»

ዙለይኻ ወደ አብዶ ተመለከተች። እሱ ጣሪያውን ያያል።

«ያን ቀን ዝጊ ነው የተባልኩት።»

«ይደፈን ተብሏል፤ ተጽፏልም። ግልባጩ የት አለ?»

«ሣጥን ውስጥ።»

«ማን አነበበልሽ?»

«ማንም።»

ደስታነሽ ደጅ ቆማ ስትጠብቅ ነበር፤ አልተጠራችም። ዳኛው ተከሳሿ ቋንቋውን ስለምታውቅ አልገባኝም ማለቷ ተቀባይነት የለውም ብለው የሃያ ቀን እስራት ፈረዱባት። አብዶ ሊተረጉም አፉን ሲከፍት «ሰምቻለሁ» አለችው። ቀጥላ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቀች። አብዶ ይህን ቃል በቃል አቀረበው።

«እናቴን ማን ያገላብጣታል ትላለች።»

ዳኛው ይህ በመዝገቡ ውስጥ የለም አሉና ሌላ ፋይል ሳቡ።

በማግስቱ የዙለይኻ ታናሽ እኅት ሞሚና ከቦርደዴ መጥታ ኩብራን በጭነት መኪና ወሰደቻቸው።