የጥጃ ቋጠሮ በእንጨት ፈረስ ላይ

የእንጨት ፈረሶቹ ወረታ የመጡ ጊዜ ልጄ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከእሷ በቀር ሰው አልነበረኝም። አባቷንና ታላቅ ወንድሟን በአንድ ክረምት ወባ ወስዶብኛል፤ አንዱን በሰኔ፣ ሌላውን በነሐሴ ቀበርኩ። ከዚያ ወዲህ እሷን ከዓይኔ አላርቅም ነበር። ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ እከተላታለሁ። ስትተኛ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ገበያ ስንሄድ የመቀነቴን ጫፍ በእጇ አስይዛትና «ልቀቂውና ታያለሽ» እላታለሁ። ለቅቃው አታውቅም።

ቤታችን ከወረታ ወደ ቁሐር ሚካኤል በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ሁለት ላሞች ነበሩኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቅቤ በቅል ይዤ እሄድና የአንድ እስላም ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ። ሽማግሌው ደግ ነበሩ፤ ጥላው ሲሸሽ «ወደዚህ ጠጋ በይ፣ ቅቤሽ ይቀልጣል» ይሉኝ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ከጎንደር በኩል በጭነት መኪና የመጣ ሰው ከከብት ተራው አጠገብ ብረትና እንጨት ሲያራግፍ ዋለ። ረጅም ምሰሶ ተከለ። በምሰሶው ዙሪያ ቀይና ሰማያዊ የተቀቡ ስምንት የእንጨት ፈረሶች በብረት ዘንግ አንጠለጠለ። ሁለት ጎረምሶች ሲገፉት ፈረሶቹ ይዞራሉ።

መጀመሪያ ማንም አልወጣበትም። ሰው ራቅ ብሎ ከብቦ ቆመ። በሬ ሊሸጥ የመጣ አንድ ገበሬ «ገለባ አይበላ፣ ፋንድያ አይጥል፣ ምን ሊረባ ነው?» አለ። ተሳቀ፤ ግን አንድም ሰው ከዚያ አልሄደም። ከሰዓት በኋላ አንድ የፈረሰኛ ዘር ነኝ የሚሉ አዛውንት ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ። ዞረው ሲወርዱ መሬቱ ከዳቸውና የሰው ትከሻ ያዙ። «ይኸስ ከበቅሎዬ ይበልጣል» አሉ። እሳቸው ይህን ካሉ በኋላ ሰዉን የሚያቆመው አልነበረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያው ሌላ ገበያ ሆነ። እህል ተራው ባዶ ነው። ሸክላ የምትሸጠው ሴት እንስራዎቿን ለማንም አደራ ሳትሰጥ ትታቸው ሄዳለች። የእኔም ቅቤ ጠያቂ አጥቶ ቀለጠ። ጨርቅ ነጋዴው በራቸው ላይ ቆመው «ዛሬ እንግዲህ የቀረነው እኔና አንቺ ነን» አሉኝ። ልጄ የመቀነቴን ጫፍ እንደያዘች አንገቷን ወደ ጩኸቱ አስግጋለች። ውሰጅኝ አላለችም። ብትለኝ እምቢ እላት ነበር።

በሦስተኛው ቅዳሜ «ነይ» አልኳት።

ለአንድ መውጫ ሁለት እንቁላል ሰጠሁና አንስቼ አንዱ ቀይ ፈረስ ላይ አስቀመጥኳት። ፈረሱ ተወዛወዘ። እኔ ደነገጥኩ። መቀነቴን ፈትቼ ወገቧን ከብረት ዘንጉ ጋር አሰርኩት።

«እማዬ፣ ሌሎቹ እኮ አልታሰሩም።»

«የሌሎቹ እናት እኔ አይደለሁም» አልኳት።

እኔ የማውቀው ቋጠሮ አንድ ነው። ላም ስናልብ ጥጃውን ከእናቱ የፊት እግር ጋር የምናስርበት ነው። ጥጃው በታገለ ቁጥር ይጠብቃል እንጂ አይላላም።

ጎረምሶቹ ገፉ። ልጄ መጀመሪያ ዓይኗን ጨፈነች። በሁለተኛው ዙር ገለጠች። በሦስተኛው ሳቀች፤ ወንድሟ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። በእኔ በኩል ባለፈች ቁጥር እጇን ዘርግታ ወደ ውጭ ዘንበል ትላለች። መቀነቱም እየጠበቀ ሄደ።

ሲቆም ሌሎቹ ልጆች ዘለው ወረዱ፤ እሷ ቀረች። በጣቴ ሞከርኩ፤ እንቢ አለ። በጥርሴ ያዝኩት። ተራ የሚጠብቀው ሰው ትንሽ ታገሠና ተነጫነጨ።

«ኧረ ጥጃዋን ፍቺልን!» አለ አንዱ።

«ሳታልብ እንዴት ትፈታታለች?» ሌላው መለሰለት።

«ላሚቱስ የታለች?»

«አጠገቧ ቆማ የለም እንዴ! አታያትም?»

ከወዲያ በኩል የነበሩት ፈረሶቹን ትተው እኛን ሊያዩ ተጋፉ። አባቶች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አወጡ። ፈረሶቹን ሦስት ቅዳሜ አይተዋቸዋል፤ እኛ አዲስ ነበርን።

ባለ ፈረሱ ቢላዋ ይዞ መጣ። «እቴ፣ አንድ ጊዜ ልቁረጠውና ይለቅ።»

«ስለት ወደ ልጄ እንዳታስጠጋ!» ብዬ ጮህኩ። ባሰባቸው፤ የሳቁ ድምፅ ከብቶቹን አስበረገገ። ልጄ አላለቀሰችም። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ «እማዬ፣ ይቁረጠው» አለችኝ። የለመነችኝ አንድ ነገር እሱ ነው። እጄን አነሳሁ፤ ቆረጠው። ወርዳ በሰው እግር መሃል ሾልካ ጠፋች።

ከእህል ተራው እስከ ከብት ተራው እየጮህኩ ፈለግኋት። ያገኘኋት ቤት ነው፤ ለጥጆቹ ሣር እየሰጠች። ያን ሁሉ መንገድ ብቻዋን ሄዳ ምንም አልሆነችም። በዚህ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ገበያ አብራኝ አልሄድ አለች። የተቆረጠውን መቀነት ሰፍቼ ታጠቅሁ። ጫፉ ግን የሚይዘው አጥቶ ይንጠለጠላል። ስናወራ መልሷ አጭር ሆነ፤ «እሺ» ትለኛለች፣ «በልቻለሁ» ትለኛለች። ውኃ በምንቀዳበት በምንጩ መንገድ ላይ ልጆች «ጥጃዋ መጣች» እያሉ ይጠሯት ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር ሕዝቡ እኛን የሚረሳበትን ሌላ አዲስ ነገር እመኝ ጀመር።

መጣም። ሰው ፈረሶቹን ሲለምዳቸው ባለ ፈረሱ አንዲት ቀይ ኮት የለበሰች ጦጣ አመጣ። ጦጣዋ ፈረስ ላይ ተቀምጣ ለተመልካቹ እጅ ስትነሳ የሸሸው ሰው ሁሉ ተመለሰ። ሁለት ቅዳሜ እንደዚያ ሆነ። በሦስተኛው «ያችን ጦጣ ነው እንዴ? አይተናታል» እያሉ ያልፏት ጀመር። አንድ ቀን ባለ ፈረሱ ቅቤ ሊገዛኝ መጥቶ ከጥላዬ ሥር ቁጭ አለ።

«ፈረሱን ሲለምዱ ጦጣ አመጣሁላቸው። ጦጣዋን ለመዷት። አሁን እኔ ራሴ ምን ልሁንላቸው?»

«የእኛን ነገርስ ረስተውታል?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። «የቱን?» አለኝ።

እሱ እንኳን ረስቶታል። የምንጩ መንገድ ልጆች ግን አልረሱም፤ ያን ቀን ገበያ ያልነበሩት ጭምር «ጥጃዋ» ይሏት ነበር። ምክንያቱን ያውቁት አይመስለኝም።

ግንቦት ውስጥ ዝናቡ ቀደመ። የፎገራ ጥቁር አፈር አንዴ ከራሰ መኪና አያሳልፍም፤ ሰውየውም ዕቃውን ሊጭን ነው ተባለ። ልጄን «ነይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። አላስርሽም» አልኳት። አተኩራ አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አነሳች።

ስንደርስ ሰው የለም። ጦጣዋ መኪናው ሥር ታስራ ተኝታለች። ባለ ፈረሱ ሰማያዊዎቹን ነቅሏቸዋል፤ ያኔ የወጣችበት ቀዩ ግን ገና አልተነሳም።

«ለአንዲት ልጅ ላዙረው?» አለና እኔን አይቶ ተወው። «እሺ፣ ትውጣ።»

ራሷ ወጣች። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ አንዱን በሌላው አጥብቄ ያዝኩት። ሰውየው ብቻውን ገፋ፤ ምሰሶው ሲጢጥ አለ። በእኔ በኩል ስታልፍ ዘንበል አላለችም። ፊቷን ወደ ሜዳው አድርጋ ዞረች፣ ዞረች። ሲቆም ቀስ ብላ ወረደች።

«ደስ አለሽ?» አልኳት።

«ሰው የለም እኮ» አለችኝ።

ጥቂት ከሄድን በኋላ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ያኔ ሰው ሁሉ እያለ ባታስሪኝ ኖሮ» አለች። ቃሏን አልጨረሰችውም። ይቅር በይኝ ማለት እናት ለልጇ የምትለው መሆኑን ያኔ አላውቅም ነበር።

ዛሬ አንበሳሜ ሄዳ አግብታ ልጆች አሏት። በዓመት አንዴ፣ ሲመቻት ሁለቴ፣ ትጠይቀኛለች። ደግ ልጅ ናት። ስትመጣ ያን ቀን አናነሳም። እኔ ግን የማስታውሰው ያኔ ከፈረሱ ስንመለስ የሆነውን ነው።

ከከተማው ሲወጣ መንገዱን ውኃ ሞልቶት ነበር። ድሮ እዚያ ስንደርስ ቆማ እጇን ትሰጠኝ ነበር። ያን ቀን ግን ቀሚሷን ሰብስባ ገባች፤ ውኃው እስከ ጉልበቷ ደረሰ። ልጮህ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ተሻግራ ቀጠለች። እኔ ከወዲህ ዳር ቆሜ ጀርባዋን ሳይ፣ እጆቼን አሁንም ወደ ኋላ እንደያዝኳቸው አወቅሁ።