ጫማ የሚወልቅበት ማረፊያ

ቢቸና ውስጥ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ተሰብስበው የሚገኙበት አንድ ግቢ አለ። መካከሉ ሣር ነው። ከየገጠሩ የሚመጣው ባለጉዳይ ተራው እስኪደርስ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይጠብሰው ነበር። የግቢው ኃላፊ አንድ ቀን አስጠሩኝና፣ «አባባ፣ እዚህ ሣሩ ላይ ሰው የሚያርፍበት ነገር ይሥሩልን። መልኩን እርስዎ ያስቡት» አሉኝ።

እኔ አናጢ ነኝ። ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ሳልደግም ነው መጥረቢያ የያዝኩት፤ ሞጣ፣ ከአባቴ እጅ። ዕድሜዬን የቤተ ክርስቲያን ጣራ ሳዋቅር ኖርኩ። አሁን ጉልበቴ መሰላል አይወድም። ይቺና አባቴ የሠራው የሞጣው ደብራችን ጣራ ጥገና የመጨረሻዎቼ ናቸው አልኩና ደስ ብሎኝ ገባሁበት።

ወረቀት ላይ መሣል አላውቅም። ችካል ተከልኩ፣ ገመድ አሰርኩ፣ ዞርኩ። ስምንት የጽድ ዓምድ፣ ዙሪያውን አግዳሚ መቀመጫ። በምሥራቅ በኩል ሽንት ቤት ስላለ ያንን ጎን በጣውላ ደፈንኩት። በሌሎቹ በሦስቱ በኩል መግቢያ ተውኩ።

በግቢው አንዲት ወጣት መሐንዲስ ነበረች። አስቀድማ አራት ማዕዘን የሆነ የብረት ዲዛይን አቅርባ፣ ኃላፊው እንጨት ይሻላል ብለው ወደ ጎን ትተውባታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ፊቷን አጥቁራ ጠበቀችኝ። መሬት ላይ ያሰመርኩትን በጫማዋ ጫፍ እየነካካች፣

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ማረፊያ ነዋ፣ ልጄ።»

«ክብ ነው። ሦስት በር አለው። ምሥራቁ ዝግ ነው። እርስዎ ቤተ ክርስቲያን እየሠሩ ነው!»

«እኔ የሠራሁት ሁሉ ቆሞ ይታያል። ያንቺስ የታለ?»

ድምፄን ከፍ አድርጌ አይደለም። እኔ ስናደድ ድምፄ ዝቅ ይላል። እሷም ዝቅ አድርጋ፣ «እሺ ይሥሩት፤ ሕዝቡ ይነግርዎታል» ብላ ሄደች። ከዚያ በኋላ ሰላምታ ቀረ። እሷ በዚያ ስታልፍ እኔ በዚህ አያለሁ።

የጣራው ቆርቆሮ ሲጋጠም ጫፉ ዝናብ እንዳያስገባ መክደኛ ፈለገ። ቆርቆሮ ቆርጬ ጉልላት አደረግሁለት። እጄ ሌላ መክደኛ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ባለጉዳይ ገባ። መጀመሪያ የመጣው የመሬት ደብተሩን በፌስታል የያዘ ገበሬ ነው። ማረፊያውን ቀና ብሎ አየ፤ ጫማውን አወለቀ፤ ዓምዱን ተሳለመ። ከዚያ ጫማውን በሩ ላይ ትቶ ወደ ኋላ ተመልሶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ከእሱ በኋላ የመጣው ሁሉ እሱን አየ። ሴቶቹ ከሩቅ እጅ ነሡ። አንዷ ሌላዋን «አትገቢም?» ስትላት፣ «ዛሬስ አይሆንልኝም» አለች፤ ለምን ብሎ የጠየቃት የለም። ምሳ ሰዓት ላይ በር በሩ ላይ ጫማ ተደርድሯል፤ ውስጡ ባዶ ነው።

ዘበኛው ከበሩ ሆኖ ጮኸ፦ «አባባ! ቅዳሴው ስንት ሰዓት ይገባል?»

ኃላፊው ወጡ። «ባለጉዳይ ይቀመጥበት አልን እንጂ ይሳለመው አልን? እስከ ዓርብ ሰው ካልተቀመጠበት ይፈርሳል። እንጨቱ ለአጥር ይሆናል።» መሐንዲሷ ከኋላቸው ቆማ፣ «ነግሬዎት ነበር» አለችኝ። በአንቱታ መውጋት ይሉታል ይህን ነው።

ማክሰኞ በዚያ ጉልበቴ ወጥቼ ጉልላቱን አወረድኩት። የባሰ ሆነ። «ምን ሆኖ ነው የወረደው? ታቦቱ ወጣ እንዴ?» እያሉ እየተጠያየቁ መሳለማቸውን ቀጠሉ።

ረቡዕ አንድ ቄስ የራሳቸውን ጉዳይ ይዘው መጡ። መስቀላቸውን ተሳልሜ፣ «አባ፣ ቤተ ክርስቲያን አይደለም ብለው አንድ ቃል ይንገሩልኝ» አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ታቦት የሌለበትን እንጨት ሕዝብ እንዲሳለም ያደረግህ አንተ፣ በእኔ አፍ ልትመልሰው ነው? ራስህ ያበላሸኸውን ራስህ አቅናው!»

ሐሙስ ጫማዬን ሳላወልቅ ገብቼ ተቀመጥኩ። ማንም አልተከተለኝም። አንዲት ሴት «አይ እርጅና፣ ዘንግተው ነው» ስትል ሰማሁ። አዘኑልኝ። ንቀቱን እችለው ነበር፤ ማዘናቸው ግን አንጀቴን አሳረረው።

ዓርብ ነጋ። ኃላፊው መጋዝና መዶሻ የያዙ ሁለት ሰዎች አቁመዋል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በሩ አጠገብ ካለችው ሻይ ሻጭ ዳቦ ጠየቅሁ።

«ዛሬ ዓርብ እኮ ነው፣ አባባ። ለማን ነው?»

«ለእኔ ነው።»

ቀኑን ረሳሁት ብዬ አልዋሽም። በጫማዬ ገባሁ፤ ሁሉም በሚያየኝ በኩል ተቀመጥኩ፤ ዳቦውን ቆርሼ ጎረስኩ። «እግዚኦ!» አለች አንዷ። ሌላው «አብዷል፣ ውሰዱት» አለ። እኔ አላምጬ ዋጥኩ፤ እንደገና ቆረስኩ።

ያ የሰኞው ገበሬ ደብተሩን እንደያዘ ተነሣ። እኔን አየ፣ ጣራውን አየ።

«ቤተ ክርስቲያን ቢሆንማ እስካሁን ቀስፎት ነበር» አለና ከነጭቃ ጫማው ገብቶ ከወዲያ ጫፍ ተቀመጠ። ሁለት ሰዎች ተከተሉት። ከዚያ አራት ሆኑ። ከቀትር በፊት አግዳሚው ሞላ፤ ከእኔ ግራና ቀኝ ብቻ የአንድ የአንድ ሰው ቦታ ባዶ ቀረ። ኃላፊው መጋዝ የያዙትን ሰዎች አሰናበቱ። መሐንዲሷም ከመስኮቷ አይታ መጋረጃውን ሳበች።

ማረፊያው አልፈረሰም። በሳምንቱ ግን ከሞጣ መልእክት መጣ። አባቴ የሠራውን የደብራችንን ጣራ እንድጠግን ሽማግሌዎቹ ጠይቀውኝ ነበር፤ አሁን «ዓርብን በአደባባይ የገደፈ እጅ ጣራችን ላይ አይወጣም» ብለው ለሌላ ሰጡት።

የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። እንድቀመጥ እንኳ አላሉኝም።

«ተጸጽተሃል?»

«ስለ ዓርቡ ተጸጽቻለሁ፣ አባ።»

«ለዓርቡ መቶ ስግደት ትሰግዳለህ። ስለ ሌላውስ?»

«ሰው እንዲቀመጥ ብዬ እዚያ ስለመቀመጤ ግን ገና ነኝ።»

«ገና ከሆንክ፣ ስግደቱም ገና ነው» አሉና የሰጡኝን እጥፍ አደረጉት።