ቀዩ አፈር በአውቶቡስ ጣራ ላይ

በደርግ ጊዜ ነው፤ ሁዳዴ ጾም ገብቷል። ደብረ ብርሃን ያለችው እኅቴ እንደ እኔው ሸክላ ሠሪ ናት። ገንቦ እሳት ሳይገባ በጥብጠን የምንቀባው ቀይ አፈር አለቀብኝ ስላለችኝ፣ ከመሐል ሜዳ በጆንያ ይዤላት ተሳፈርኩ። ጆንያው አውቶቡሱ ጣራ ላይ ተጫነ።

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። በጠዋቱ ቆሎ ስቆረጥም አይተው፣ "ልጄ፣ ገና ቅዳሴ ሳይወጣ?" ብለው ገሠጹኝ። አፍሬ ቆሎዬን ቋጠርኩ።

መንገድ ላይ የበልግ ዝናብ ያዘን። ጥቂት ቆይቶ በመስኮቶቹ ላይ ቀይ ነገር ይወርድ ጀመር።

"ኧረ ደም ነው!" አለች አንዲት ሴት።

ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ ዞረ። "በሁዳዴ ሥጋ የጫነው ማነው? ካልተናገራችሁ ዕቃውን በሙሉ አስወርዳለሁ" አለ።

በዚያ ዘመን ስለ ደም መጠየቅ ማን ይወዳል? እንደ ምንም ደፍሬ "አፈር ነው" ልል አፌን ስከፍት፣ ሽማግሌው ቀድመውኝ ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉና ቀስ ብለው፣

"ሥጋውስ የእኔ ነው" አሉ። "ግን እኮ ቋንጣ ነው፤ እንዴት ደማ?"