ከቡልቡላ ናዝሬት፣ ለጫልቱ ራጅ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ቡልቡላ

የተነሣነው ሦስት ሆነን ነው፤ እኔ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪዬ ጫልቱና አባቷ ኦቦ ገመዳ። ጫልቱ በትምህርት መሐል ድንገት ፈዛ ትቀራለች፤ ስሟን ብጠራ አትመልስም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር "ጭንቅላቷን ራጅ ትነሣ" ብሎ ናዝሬት ሆስፒታል ጻፈላት። ኦቦ ገመዳ አማርኛ ብዙም ስለማይችሉ አብሬያቸው እንድሄድ ለመኑኝ። እሺ ያልኩት ለደግነት ብቻ አልነበረም። ድሬሰሩ በሽታ ሊሆን ይችላል እስኪለኝ ድረስ "አውቃ ነው" እያልኩ ስገርፋት ከርሜአለሁ። አባቷ ይህን አያውቁም።

ዝዋይ

አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ። ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ ገዛን። ኦቦ ገመዳ እሾሁን ለቅመው የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ ዘረጉና በኦሮምኛ አሉኝ፦

"ልጄን እንደ ልጅህ ያዝክልኝ፤ ረቢ ይክፈልህ።"

ጎረስኩና ዓይኔን ወደ ሐይቁ መለስኩ።

ሞጆ ኬላ

ሁላችንም ወርደን የይለፍ ወረቀት አሳየን። ጠባቂው "ስምሽ ማነው?" ሲላት ጫልቱ ፈዘዘች። ደግሞ ጠየቃት፤ ዝም።

"አውቃ ነው!" አለ በቁጣ።

"ታማ ነው ጓድ፤ ሐኪም ቤት እየወሰድናት ነው" አልኩ። በእሱ አፍ የራሴን ቃል ሰማሁ።

ረቡዕ፣ ናዝሬት

ጫልቱ ቀዝቃዛው የራጅ ጠረጴዛ ላይ ሳትንቀሳቀስ ተኛች። ዶክተሩ የራጅ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አየ።

"አጥንቱ ደህና ነው። የአንጎሉን ሥራ ግን ራጅ አያሳይም። የሚመዘግበው መሣሪያ አዲስ አበባ ነው፤ ወረፋውም ብዙ ወር ይፈጃል።"

ከዚያ ቁራጭ ወረቀት በእጇ አስይዞ "ሳታቋርጪ እፍ በይ" አላት። ትንሽ እንደቆየች ትንፋሿ ቆመ፤ ሽፋሽፍቷ ተርገበገበ፤ ወረቀቱ ወደቀ። ወዲያው ምንም እንዳልሆነ ባዶ እጇን እፍ ማለት ቀጠለች።

"አየህ? የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው፤ ሳይጥላት ለጥቂት ሰከንድ ይወስዳታል። ያኔ አትሰማም፤ በኋላም አታስታውስም።"

መድኃኒት ጻፈላት፤ ለአዲስ አበባም ደብዳቤ ሰጠን።

ሐሙስ ማታ፣ ቡልቡላ

ከአውቶቡስ እንደወረድን ለኦቦ ገመዳ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"የመታኸው እኔን አይደለም" አሉ። "ለእሷ ንገራት።"

ጫልቱ ፊት ተንበረከኩ። "በሽታ መሆኑን አላወቅሁም ነበር፤ ይቅር በዪኝ" አልኳት።

አቀርቅራ "መምህር" አለች፣ "ለምን እንደሚመቱኝ እኮ አላውቅም ነበር።"

ጥያቄዬን ሰምታው አታውቅም፤ የምታውቀው ዱላውን ብቻ ነበር። ከዚያ ጉዞ ወዲህ ልጅ ዝም ሲለኝ መጀመሪያ ዓይኑን አያለሁ።