ደጄን ዘግቼ ውጭ አገርን የሞከርኩ ሰሞን

ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሁለቱም ውጭ ናቸው። ወንዱ ሚስትና ልጆቹን ይዞ አውስትራሊያ ነው፣ ሴቷ ብቻዋን ካናዳ። ባለፈው ዓመት ሁለቱም የተመካከሩ ይመስል «ነይና ከእኔ ጋር ኑሪ፣ የቱ አገር እንደሚሻልሽ አንቺው ምረጪ» አሉኝ። ስልሳን አልፌ፣ ባሌን ቀብሬ፣ ስኳር በሽታ ይዞኝ፣ እንደ ኮረዳ ከሁለት ጠያቂ አንዱን ምረጪ ስባል ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ድሬዳዋ ያለውን ሰፈሬን በጉራ አሰለቸሁት።

ከሁሉም የሰለቸችው ጎረቤቴ ነበረች። ሱማሌ ናት። ቤታችን በአንድ ግንብ ነው የሚለያየው፣ ልጆቻችንንም አብረን ነው ያሳደግነው። በስም ተጠራርተን አናውቅም። «አባዮ» ነው የምንባባለው፣ በእነሱ ቋንቋ እህቴ ማለት ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ምሳዬን እሷ ቤት ነው የምበላው። በፆም ቀን የፆሙን ትሠራልኛለች። በረመዳን እንኳ እሷ ጾማ የእኔን ምሳ ታቀርባለች፣ «የስኳር መርፌ ተወግተሽ ባዶ ሆድሽን አትውዪም» ብላ።

ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ሰው ጥላ ጥላውን ሲይዝ፣ እኛ የእሷ በረንዳ ላይ ምንጣፍ አንጥፈን አገር እንመርጣለን። ካናዳን ገና ከጅምሩ ጠላችው። «በረዶ ውስጥ ምን ልትሆኚ? ሥጋ ነሽ እንዴ?» አለችኝ። አውስትራሊያ ፀሐይ አለው ሲባል ትንሽ ለሰስ አለች፣ ግን በሙቀት ጊዜ አልጋ ግቢ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ልጄን ጠይቂው አለች። ጠየቅኩት። «እማዬ፣ የምን ግቢ? ዘጠነኛ ፎቅ ላይ እኮ ነን» ብሎ ሳቀብኝ። «በቃ እሱም ይቅር» አለች። ባጃጅ የሚነዳው ባሏ ደግሞ ጅቡቲን መረጠልኝ። ቅርብ ነው፣ ሲደብርሽ በማግስቱ ትመለሻለሽ ነው ምክንያቱ። ሁለታችንም ጮኸንበት። ድሬ አልበቃ ብሎኝ ጅቡቲ ሄጄ ልቀቀል?

እንዲህ እየቀለድን ሳለ አንድ እሁድ ልጄ ከካናዳ ደወለች። «እማዬ፣ ብርዱስ በልብስ ይቻላል። እኔን የሚያሳስበኝ የቀኑ ነገር ነው። ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። እዚህ ሰው ሳይደውል ሰው ቤት አይመጣም። በር ዘግተሽ ብቻሽን መዋል ትችያለሽ?» አለችኝ። ነገሩ አናደደኝ። ሕፃን ነኝ እንዴ ብቻዬን መዋል የሚያቅተኝ? «እንግዲያው እዚያው ሞክሪዋ» አለችኝ እየሳቀች። እሷ ቀልዷን ነበር፣ እኔ ግን እልኸኛ ነኝ። በማግስቱ የግቢዬን በር ከውስጥ ቀረቀርኩ።

ለጎረቤቴ አልነገርኳትም። ብነግራት ስቃብኝ በሩን ታስከፍተኛለች። ስታንኳኳ «ደህና ነኝ፣ ሥራ ይዣለሁ፣ ምሳም እዚሁ እበላለሁ» አልኳት። እሷም ተመልሳ ሄደች። ያን ቀን ሬዲዮ ሰማሁ፣ ቁምሳጥን አስተካከልኩ፣ ከራሴ ጋር አወራሁ፣ መሸልኝ። ውጭ አገር ማለት ይሄ ከሆነማ ምን አላት ብዬ ኮራሁ።

የረሳሁት ነገር ቢኖር እኛ ሰፈር በር በቀን እንደማይዘጋ ነው። ጠዋት ይከፈታል፣ ሲመሽ ይዘጋል፣ በመሃል የፈለገ ይገባል ይወጣል። ልጆቿ ባሕር ማዶ ያሉ ሴት በጠራራ ፀሐይ በሯን ቀርቅራ «ደህና ነኝ» ካለች፣ ለሰፈሩ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ መርዶዋን በስልክ ብቻዋን ሰምታለች።

በሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ በሬ ላይ ንግግር ሰማሁ። ብዙም ልብ አላልኩትም። ሰኔ ነው፣ ሙቀቱ አናት ይበሳል። ጠዋት መርፌዬን ተወግቼ ጥቂት ቀምሻለሁ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ብቻዬን መብላቱ አስጠላኝ፣ ትንሽ ቆይቼ እበላለሁ ብዬ ጋደም አልኩ። ላብ አጠመቀኝ። ስኳር ሲወርድ እንደሚያልብ ሐኪሙ ስንት ጊዜ ነግሮኛል፣ ግን ድሬዳዋ ላይ በሰኔ ያላበው ሰው ሁሉ ታመምኩ ካለ ከተማው በሙሉ ሆስፒታል ሊገባ ነው። ቬንትሌተሩን ወደ ራሴ አዞርኩና ተኛሁ።  ከዚያ ወዲያ ያለውን የነገሩኝ በሬ ላይ የነበሩት ናቸው።

በሬ ላይ የነበሩት ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሴቶች ናቸው። ምንጣፍ ይዘው መጥተው፣ ግንቡ ሥር ጥላው ላይ ተቀምጠው፣ ራሴ እስክከፍት እየጠበቁኝ ነበር። ደፍሮ የሚያንኳኳ አልተገኘም። «የቷ ናት? ሴቷ ናት ወንዱ?» እየተባባሉ ያንሾካሹካሉ። ምሳ ሰዓት ሲያልፍ ጎረቤቴ ተነሳች። «ልጅ የሞተባትም ሴት ብትሆን መርፌ የተወጋች ሴት መብላት አለባት» አለችና ባሏን ግንቡን አዘለለችው። እሱም ዘሎ ከውስጥ ከፈተላቸው።

ዓይኔን ስገልጥ አፌ ውስጥ ስኳር በውሃ አለ፣ ጭንቅላቴ ጎረቤቴ ጭን ላይ ነው። ዙሪያዬን ነጠላ ያዘቀዘቀች፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ቤቱን ሞልታዋለች። በቃ ሞቻለሁ አልኩ በልቤ። ደግነቱ ብዙ ሰው መጥቶልኛል። ትንሽ ነፍስ ስዘራ «ማን ሞቶ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። እርስ በርስ ተያዩ። «አንቺ ነሽ እንጂ የምትነግሪን» አለች አንዷ። የሆነውን ስነግራቸው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጎረቤቴ ብቻ አልሳቀችም። አላለቀሰችምም። በማንኪያ እያጎረሰችኝ ስትሰድበኝ ዋለች፣ በአማርኛ ሲያልቅባት በሱማሌኛ ትቀጥላለች።

እነዚያ ሴቶች ባይመጡ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍ ሰው የለም። ሐኪሙም ያለኝ ይህንኑ ነው። ከዚያ በኋላ ስንት ቀን ሙሉ ምግብ የያዘ ሰው ከደጄ አልጠፋም። በወጉ ሰላምታ እንኳ የማንለዋወጥ ባለሱቅ ማንጎ ላከልኝ። ላመሰግን ስዞር «አቦ ተዪን» ይሉኛል። እዚህ ምስጋና መቀበል የሚችል ሰው የለም። ስለዚህ እዚህ ላይ ልበለው፤ በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ሀብታም ሆኜ አላውቅም። አገር የመምረጡም ነገር በዚያው ያለቀ መሰለኝ። ለሁለቱም ልጆቼ የትም አልሄድም ልላቸው ቆረጥኩ።

እሁድ ሴቷ ስትደውል ላስቃት ብዬ ለቅሶ የደረሱኝን ነገር እያጋነንኩ ነገርኳት። ሳቀች፣ ደግማ ሳቀች። 

ከዚያ እንዲህ አለችኝ። «እማዬ፣ አምና በብርዱ ጊዜ ታምሜ ተኝቼ ነበር። እንዳትጨነቂ ብዬ አልነገርኩሽም። እስክነሳ ድረስ ማንም በሬን አላንኳኳም።»

 ስልኩን እንደዘጋሁ ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ። በረንዳዋ ላይ ሩዝ ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩና «ካናዳን መርጫለሁ» አልኳት። «ያን ሁሉ ብርድ?» አለችኝ ቀና ሳትል። ልጄ የነገረችኝን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። መርፌዬንም ምሳዬንም በሰዓቱ እንደምጠብቅ፣ ልጄም ከሥራ ቦታዋ እየደወለች እንደምታስታውሰኝ ጨመርኩላት።

ሩዟን ለቅማ ጨረሰች። «እንግዲያው ሂጂ፣ አባዮ» አለችኝ። ከዚያ ሰፌዱን አስቀምጣ አለቀሰች። የሞትኩ በመሰላት ቀን ያላለቀሰች ሴት።