የአባቴ ጫማ ጋምቤላ ሄደ

የቆርኬ መንጋ ሲሰደድ ለማየት ብቻዬን ጋምቤላ ልሄድ ነው ያልኩ ቀን፣ ከከተማ ወጥተው የማያውቁ ሰዎች ሁሉ ድንገት የዱር አራዊት ሊቅ ሆኑ። አብራኝ የምታስተምር የሒሳብ መምህርት የስፖርት ፊሽካ ሰጠችኝ። አንበሳ ሲመጣ ንፊ አለች። አንበሳው ፊሽካ ሰምቶ ምን ያደርጋል ብላት ትንሽ አሰበችና «ቢያንስ ሰው ይሰማል» አለች። ጎረቤታችን ሚጥሚጣ በላስቲክ ቋጥራ አመጣች፤ ለሰውም ለአውሬም ይሆናል፣ ካልተጠቀምሽበትም ጥብስ ላይ ትነሰንሺዋለሽ ብላ። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ከስልኩ ላይ እያነበበ ሽቶ አትቀቢ፣ ደማቅ ልብስ አትልበሺ፣ ከመኪና አትውረጂ አለኝ። የሱ ምክር ትክክል ስለነበረ ማንም አላዳመጠውም።

እናቴ ግን ጓዳ ገብታ የአባቴን ጫማ ይዛ ወጣች። አርባ አራት ቁጥር፣ ጥቁር፣ ተረከዙ በአንድ በኩል የተበላ። ከአባቴ ዕቃ ለሰው ያልሰጠችው እሱን ብቻ ነው።

«የምታድሪበት በር ላይ አስቀምጪው። ሌባም ባለጌም የወንድ ጫማ ሲያይ ይመለሳል። ከጠየቁሽ ባሌ አለ በይ።»

«ባል ከየት አመጣለሁ?»

«ጫማው ካለ ባሉን ማን ያየዋል?» አለች።

የሄድኩበትን ምክንያት እዚህ ልናገር፣ ለእናቴ አልነገርኳትምና። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። እኔ በሰማንያ ቀኔ ክርስትና ስነሳ እሱ አልነበረም። እህል ጭኖ እዚያው ጋምቤላ፣ ማታር ድረስ ሄዶ፣ ሲመለስ ቆርኬ መንገድ ዘግቶበት ግማሽ ቀን እንደቆመ ነው የተናገረው። ድግሱ ባለቀ በማግስቱ ከች አለ። እናቴ እኔን እንደታቀፈች በር ላይ ቆማ አንድ ጥያቄ ጠየቀችው፦ ጡሩምባ የለህም? እሱም «ለቆርኬ ጡሩምባ አይነፋም፣ እናትና ግልገል ይለያያሉ» አላት። ለዚህ መልሱ አንድ ሳምንት ሙሉ ግቢው ውስጥ መኪናው ላይ አሳደረችው። እሷ የጠረጠረችው ባለ ሁለት እግር ቆርኬ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ቆርኬ ማለት ውሸት ማለት ሆነ። ከትምህርት ቤት ስዘገይ «ምነው፣ ቆርኬ ዘጋሽ?» እባላለሁ። ወንድሜ የፈተና ወረቀቱ ጠፋብኝ ሲል «ቆርኬ በላው» ይባላል። አባቴ አብሮን ይስቅ ነበር፤ ቃሉን ግን አልቀየረም። ካቻምና ሲሞት ነገሩ እንደተንጠለጠለ ቀረ። እናቴ ግማሽ ዕድሜዋን ያኮረፈችበት ነገር እውነት ይሁን ውሸት አንድ ሰው ሄዶ ማየት ነበረበት። ከፋሲካ በኋላ ጥቂት ቀን ዕረፍት ነበረኝና ያ ሰው እኔ ሆንኩ።

ጋምቤላ ሐሙስ ቀን ገባሁ። ከአውሮፕላኑ ስወርድ ሙቀቱ እንደ ምጣድ ክዳን ፊቴ ላይ ተከፈተ። ያረፍኩበት ፔንሲዮን ከባሮ ወንዝ ብዙ አይርቅም፤ ግቢው ውስጥ ትልቅ ማንጎ አለ። ባለቤቲቱ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ በእናቷ ጀርባ ታዝላ የመጣች፣ የእኔው እኩያ ናት። አልጋ ቤቱን ብቻዋን ነው የምታስተዳድረው። ገና ሻንጣዬን ሳላወርድ «ብቻሽን ነሽ የኔ እናት?» ስትለኝ እናቴ ትከሻዬ ላይ የቆመች መሰለኝ።

«ከባለቤቴ ጋር ነኝ። ኋላ ይመጣል» አልኳት።

ሲመሽ ጫማውን በር ላይ አስቀመጥኩ። እግሬን በሳሙና ታጥቤ፣ አጎበሬን ዘርግቼ፣ ባል እንዳላት ሴት ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ዓርብ ጠዋት በሩን ስከፍት ባለቤቲቱ ጫማው አጠገብ ቆማለች።

«ገቡ እንዴ? ወላሂ አልሰማሁም።»

«አምሽቶ ነው የገባው። ደክሞት ተኝቷል።»

ቁርስ ሰዓት አልፎ ባሌ አልወጣም። መንገድ ያደከመው ሰው እስከዚህ አይተኛም፣ ወባ ነው ብላ ፈረደች። እኔም ሞኟ፣ ጉዳዩ እዚያው እንዲያልቅ ብዬ «ትንሽ ራሱን አሞታል» አልኩ። እዚያ ቤት ራሱን ያመመው ሰው ዝም ተብሎ እንደማይተው ከየት ልወቅ? በዚያ ግቢ የታመመ እንግዳ የሁሉም ነው። ከሥጋ ዘመዱ የራቀ ሰው ሳይጠየቅ ከዋለ ነውሩ የግቢው ነው።

መጀመሪያ የዓሣ ሾርባ መጣ፤ የባሮ ዓሣ ነው፣ ሎሚ የገባበት። ለበሽተኛው ብዬ ተቀበልኩና በሩን ዘግቼ ቀመስኩት። እንዲህ ያለ ሾርባ በልቼ አላውቅም። ሳህኑን ባዶ ስመልስ ባለቤቲቱ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ «በሉ! አልሐምዱሊላህ» አለችና ሌላ ሳህን ላከች። ያንንም በላሁት። ከዚያ ሚሪንዳ መጣ። ማንጎ በሳፋ መጣ። አጠገባችን ያረፉ ከዲማ የመጡ ሁለት ወርቅ ቆፋሪዎች በሩ ፊት ኮፍያቸውን አውልቀው «ወንድማችን፣ እግዜር ይማርህ» አሉት። ከውስጥ መልስ ሲጠፋ አንደኛው ወደ እኔ ዞሮ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር ነበር፤ ግን ሾርባው ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ለዓርብ የተነጋገርኩት ሹፌር ላንድክሩዘሩን ይዞ ሲመጣ ፊሽካዬን አንገቴ ላይ፣ ሚጥሚጣዬን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ወጣሁ። ሹፌሩ እዚያው የኢታንግ አካባቢ ተወላጅ ነው፤ ረጅም፣ ረጋ ያለ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። ጫማውን አየ። የባለቤቲቱን የወባ ወሬ ሰማ። ሞተሩን አጠፋው።

«እህቴ፣ ባል ወባ ይዞታል። ሚስት እንስሳ ለማየት ትሄዳለች?»

«እሱ ሂጂ ብሎኛል።»

«የታመመ ሰው ብዙ ነገር ይላል» አለና ከመኪናው ወርዶ ማንጎው ሥር ተቀመጠ። «እሱ ይዳን። ቆርኬ የትም አይሄድም።»

ቆርኬው ግን እየሄደ ነበር። ሥራውም መሄድ ነው። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት አውሮፕላን አለኝ። ያን ያህል አገር አቋርጬ የመጣሁበትን ነገር የሌለ ባል ሊያስቀርብኝ ነው። አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ ከልቤ ተናደድኩበት። ያገባሁት ገና ትናንት ቢሆንም መፋታት አማረኝ።

አሥር ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። ባለቤቲቱ ጎረቤቷን ነርስ ይዛ መጥታለች። ነርሷ የአገሩ ልጅ ናት፤ ከጤና ጣቢያ መውጫዋ ላይ የወባ መመርመሪያ ይዛ ነው የቆመችው። «ጣቱን ትንሽ ብቻ እወጋዋለሁ» አለችና መልሴን ሳትጠብቅ ገባች። አጎበሩን ገለጠች። ባለቤቲቱ ከአልጋው ሥር አጎንብሳ አየች። ነርሷ የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፈተች።

«የሉም» አለች ባለቤቲቱ።

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ዞረው በር ላይ ያለውን ጫማ አዩ።

«በባዶ እግሩ?» አለች ነርሷ። «ትኩሳት ጭንቅላቱ ላይ ወጥቷል ማለት ነው።»

«ባሮ እንዳይወርዱ!» አለች ባለቤቲቱ፤ ቀጥላም ወደ ግቢው ተጣራች። ወርቅ ቆፋሪዎቹ ተነሡ። ሹፌሩ ቁልፉን አወጣ። አዞው ከየት በኩል እንደሚበዛ መነጋገር ጀመሩ። አንደኛው ወርቅ ቆፋሪ ሸሚዙን አውልቆ ለመዋኘት ሲዘጋጅ ሳይ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። ፊሽካውን ነፋሁት። ሁሉም ቆሙ።

«ባል የለኝም» አልኩ። «ጫማው የአባቴ ነው። አባቴም ሞቷል። እናቴ ናት በር ላይ አስቀምጪው ያለችኝ።»

ሸሚዙን ያወለቀው ሰው ቀስ ብሎ መልሶ ለበሰው። በመጨረሻ ባለቤቲቱ «ሾርባውን ማን በላው?» አለች።

«እኔ።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

ነርሷ ቀድማ ሳቀች፤ ባለቤቲቱ ግን ወዲያው አልሳቀችም። አጠገቤ አልጋው ላይ ተቀመጠች። «አንቺዬ፣ መጀመሪያ ብቻሽን ነሽ ወይ ያልኩሽ እኮ ልጠብቅሽ ብዬ ነበር» አለች። «ብቻዬን ነኝ ብትዪኝ የእኔ ክፍል አጠገብ አስተኛሽ ነበር። የት እንደሄድሽ፣ መቼ እንደምትመለሺ እይዝልሽ ነበር። ባል አለኝ ስላልሽ ለባልሽ ተውኩሽ።» አፈርኩ። ያን ሁሉ ምክር ተሸክሜ ስመጣ፣ ከአንዲት ሴት ጋር ቁጭ ብለሽ እውነቱን ንገሪ ያለኝ አልነበረም። ዛሬ ብቻዋን ለምትሄድ ሴት የምመክረው ይህንኑ ነው። ፊሽካውም አይከፋም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ወጣን፤ እኔ፣ ሹፌሩ፣ መንገድ ላይ የተሳፈረ አንድ የፓርክ ጠባቂ፣ ዕረፍት የነበራት ነርሷም «ብቻሽን አትሄጂም» ብላ። እዚያው ተወልዳ ቆርኬ በብዛት ሲሄድ አይታ እንደማታውቅ የነገረችኝ መንገድ ላይ ነው። ባለቤቲቱ የምንመለስበትን ሰዓት በእጇ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈች፦ ሰባት ሰዓት።

እስከ አራት ሰዓት ሣርና ሙቀት ብቻ አየን። እንመለስ ብሎ ሹፌሩ መኪናውን አዞረ፤ ጥቂት እንደሄድን ፍሬኑን ያዘ። አንድ ቆርኬ መንገዱን አቋረጠ። ጥቁር ወንድ ነው፣ ጆሮው ነጭ። ከዚያ ሁለት። ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ከግራ ይመጣሉ፣ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ፣ ግራው አያልቅም። ወንዶቹ ሲያልፉ ቀይ ሴቶቹ ከግልገሎቻቸው ጋር ቀጠሉ። አንድ ሰዓት ሆነን። ሁለት ሰዓት ሆነን። ነርሷ መስኮቱ ላይ ተደፍታ የምታውቀውን መዝሙር ሁሉ ጨረሰች።

አውሮፕላኑ ትዝ አለኝ። «ጡሩምባ ብትነፋስ?» አልኩት ሹፌሩን።

እንደ ሕፃን አየኝ። «ለቆርኬ ጡሩምባ አይነፋም» አለ። «እናትና ልጅ ይለያያል። ልጁ ሌላ እናት አይቀበለውም።»

አለቀስኩ። ነርሷ ወባ ይሆን ብላ ግንባሬን ዳሰሰችኝ። አባቴ እዚሁ መንገድ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ተቀምጦ፣ የልጁ ክርስትና እያለፈበት በእርግጥ የቆርኬ ግልገል እስኪያልፍ ሲጠብቅ ታየኝ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሳቅንበት።

መንገዱ የተከፈተው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ከተማ ስንደርስ አውሮፕላኑ ሄዷል፤ ባለቤቲቱ መዳፏን ወደ እኛ ዘርግታ በር ላይ ቆማለች። ጸሐይ ሳትጠልቅ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«አውሮፕላን አመለጠኝ» አልኳት።

«ምነው? ምን ሆነሽ?»

«ቆርኬ መንገድ ዘጋብኝ።»

ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀችም።

«ስንት ሰዓት ያህል?»

«አራት ሰዓት ሙሉ።»

«ጡሩምባ አልነፋም ሹፌሩ?»

«አይነፋም እማዬ። እናትና ልጅ ይለያያሉ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሃሎ አልኩ።

«ጫማው የት ነው?» አለች በመጨረሻ።

«በር ላይ ነው፤ እንዳልሽኝ።»

«አስገቢው» አለች እናቴ። «ውጭ አይደር።»