ያለ ሞት የተነፋ ጥሩንባ

የመጀመሪያዋ የዝናብ ጠብታ ቆርቆሮ ላይ ስታርፍ እኔን ቁጭ አድርጎ የሚያቆይ ኃይል የለም። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለችው ሱቄ ጨርቅ እየለካሁ ከሆነ መቀሱን አስቀምጬ በር ላይ እወጣለሁ፣ ሰማዩን አያለሁ፣ መሬቱን አያለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እወጣለሁ። ደንበኞቼ ለምደውኛል። "ዛሬም ጎርፉን ልትቀበይ ነው?" እያሉ ይቀልዱብኛል። ይሳቁ። እነሱ ከድንጋይ ካባ በታች አላደጉም።

እኛ ያደግነው ታቦር ነው፣ ኮረብታው ሥር። ከቤታችን በላይ ድንጋይና ገረጋንቲ ሲወጣበት የኖረ ካባ ነበር። ገልባጭ መኪኖቹ የሚፈልጉትን ጭነው ጭነው ሲጨርሱ ኮረብታውን እንደተገመጠ ዳቦ ትተውት ሄዱ። ለእኛ ለልጆች ግን ያ ቦታ ገነት ነበር። ለሁለት የተሰነጠቀ ጀሪካን ላይ ተቀምጠን ከላይ እስከ ታች እንንሸራተት ነበር። ቀሚሴ ከኋላው ሁልጊዜ ቀይ ነው፤ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ እንኳ ፊቴን ሳያዩ በቀሚሴ ያውቁኝ ነበር። ዝናብ ሊመጣ ሲል ከካባው የሚነሳው የአቧራ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ክረምት ሲገባ ጨዋታው ያበቃል። ልብሱን የተገፈፈው ኮረብታ ውኃ መያዝ አቅቶት የዘነበበትን ሁሉ ወደ እኛ ይለቀዋል። መጀመሪያ ዘልለን የምንሻገራት ትንሽ ቦይ ነበረች። በሚቀጥለው ክረምት ለመዝለል መንደርደር አስፈለገን። ከዚያ መዝለሉም ቀረ፤ ቦይዋ ቦረቦር ሆነች፣ አጥሩን በላች፣ የጓሯችንን እንሰት በላች። እናቴ "ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል" ትል ነበር። ይህን ስትል ግን አንድም ቀን ስቃ አላየኋትም።

አባቴ ሐመሶ የሰፈሩ እድር ጥሩንባ ነፊ ነበር። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ በየመንገዱ እየነፋ የሟቹን ስም ይጠራል። ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም፣ ነጋዴውንም የመንግሥት ሠራተኛውንም ባንድ ጊዜ ከአልጋው የሚያስወርድ ከዚያ ጥሩንባ ሌላ አልነበረም። አባቴ በዚህ ይኮራ ነበር። ጥሩንባውን በጨርቅ ጠቅልሎ ከራስጌው ይሰቅለዋል፤ እኛ ልጆቹ እንድንነካው አይፈቅድም።

ስለ ቦረቦሩ በእድሩ ስብሰባ ላይ ደጋግሞ ተናግሯል። ገበያ ውስጥ የሚስማርና የቆርቆሮ ሱቅ የነበራቸው ቆፍጣናው የእድሩ ዳኛ ጋሽ ከድር መልሳቸው አንድ ነበር፤ እድር ለቀብር ነው፣ ለቦረቦር ቀበሌ አለ። ቀበሌው ደግሞ መጥተን እናያለን ይላል። እኛ እንጠብቃለን። መሬቱ አይጠብቅም።

አንድ ጊዜ ሲዘንብ አድሮ ስንነሳ ማድቤታችን የለም። ከነምድጃው ቦረቦሩ ውስጥ ገብቷል። እኛ በምንተኛበት ክፍልና በገደሉ መካከል የቀረው አንድ አልጋ የማያስዘረጋ መሬት ነበር። አባቴ አየው፣ ወደ ቤት ገብቶ ጥሩንባውን ይዞ ወጣ። እናቴ እጁን ልትይዘው ሞከረች። አልቻለችም።

ነፋ። የማንንም ስም አልጠራም፤ "ወደ እኔ ቤት! ወደ እኔ ቤት!" ብቻ። ሰፈሩ ምን ያስብ? እናቴ ሞተች ብሎ አሰበ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ግቢያችንን ሞሉት። ወንዶቹ መቃብር ሊቆፍሩ ዶማና አካፋ ተሸክመው ደረሱ። "ሟቿ" እናቴ ግን ከጎርፉ ያተረፈችውን ድስት ይዛ መሃላቸው ቆማለች። ከሁሉ አብልጠው ያለቅሱ የነበሩት ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ሲያይዋት ልቅሶው አፋቸው ላይ ቀረ። "አንቺ! አልሞትሽም እንዴ?" አሏት፣ ቆጣ ብለው።

ሳቄ መጣ። የጋሽ ከድርን ፊት ሳይ ግን ደነገጥኩ። "ሐመሶ፣ በሞት ይቀለዳል? ነገ የእውነት ሰው ሲሞት ማን ያምንሃል?" አሉ። ከእድር መባረር ምን ማለት እንደሆነ ልጅም ብሆን አውቅ ነበር፤ ማንም ደጃችንን አይረግጥም፣ ብንሞትም የሚቀብረን የለም። አባቴ በጥሩንባው ወደ ገደሉ ጠቆመ።

"ምን ላድርግ ጋሽ ከድር? አካፋ ይዛችሁ የምትመጡት ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ልጆቼ እዚህ ገደል ውስጥ ከገቡ በኋላ ብጠራችሁ ምን ይጠቅመኛል?"

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸውን አሰሩበትና ድንጋይ አነሱ። ሌሎቹም ሴቶች ተከተሏቸው። ወንዶቹ አካፋ ተደግፈው ሴት ድንጋይ ስትሸከም ማየት ቢያሳፍራቸው ጊዜ ቦረቦሩ ውስጥ ወረዱ።

የሚያውቁት መቃብር መሙላት ነበርና ቦረቦሩንም እንደ መቃብር ሞሉት። አፈር መለሱበት፣ ረገጡት፣ ላዩን አሳምረው ሄዱ። የሚቀጥለው ዝናብ ሁሉንም ጠርጎ ከሰፈሩ በታች ወዳለው ሐይቅ ወሰደው። ጋሽ ከድር መጥተው አዩና "እኔ ቀብሬው የተነሳብኝ የለም!" ብለው እልህ ውስጥ ገቡ። ከዚያ ወዲያ እድርተኛው ሥራውን ከቤታችን ሳይሆን ከላይ ከካባው ጀመረ። ተዳፋቱን እርከን ሠሩበት፤ ውኃው እየቆመ አፈሩን እንዲተው ቦረቦሩን ከአናቱ ጀምረው በየቦታው በድንጋይ ክትር ዘጉት። እኛ ልጆች ከቡሹሎ መንደር የመጣውን የዝሆን ሳር በየእርከኑ ጫፍ ተከልን። ፍየልም ልጅም ካባውን እንዳይረግጥ ተከለከለ። ጀሪካኔን ታቅፌ ያለቀስኩት ለእናቴ ከተለቀሰው ይበልጥ ነበር።

አባቴን ከእድሩ አላባረሩትም። ጥሩንባውን ግን ተቀበሉት። ጋሽ ከድር ራሳቸው ቤታችን መጥተው፣ ሥራው ሥራ ነው፣ ጥፋቱም ጥፋት ነው ብለው ወሰዱት። አባቴ አልተከራከረም፤ ከነጨርቁ አስረከባቸው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሲነፋ በሰማ ቁጥር ደጅ ወጥቶ ይቆምና "አላስረዘመውም" ይል ነበር።

ዛሬ እድሩ የሚጠራራው በስልክ ነው። ካባው ለምልሞ ሰዎች ከውስጡ ሣር እያጨዱ ለከብቶቻቸው ይወስዳሉ። ቦረቦሩ በነበረበት ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። እዚህ ጋ ቤት የሚውጥ ገደል ነበር ብላቸው አንዷ "እትዬ ደግሞ ይቀልዳሉ!" ብላ ሳቀችብኝ። ተናደድኩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አለማወቋ ደስ አለኝ።

ባለፈው ክረምት እናትና አባቴን ልጠይቅ ሄጄ ከምሳ በኋላ ዝናቡ ወረደ። ተነሳሁ። መስኮት፣ በር፣ ጓሮ። ክትሮቹ ይዘው ይሆን? አባቴን አስከትዬ ወደ ካባው ልወጣ መኝታ ቤት ገባሁ፤ ያኔ ገደሉ አፍ ላይ የነበረው ክፍል ነው። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያንኮራፋል። ልጅ እያለሁ ዝናብ ሲዘንብ ተኝቶ አይቼው አላውቅም፤ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያነጋ ነበር። ትከሻውን ልነካው እጄን ስዘረጋ እናቴ ከኋላዬ ያዘችኝ።

"አትቀስቅሺው" አለችኝ በሹክሹክታ። "ደህና እንቅልፍ የሚወስደው ሲዘንብ ነው።"